«ተቀበል!»፦ ከያኒ በሕዝብ አስተዳደር ውስጥ ስላለው ድርሻ በድብ ባሕር የተነገረ ዲስኩር



ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደዚህ ወደ ድብ ባሕር የሚመጣ ሰው፣ በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ቁልቁል ሲመለከት፣ ይህ መንገድ በስንት ዘመን ስንት ዓይነት ሰው እንዳሳለፈ ማሰቡ አይቀርም። ሲራራ ነጋዴው በቅሎውን እየነዳ በዚህ ወጥቷል፤ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲሄድ የወጣው ይህንኑ ሊማሊሞ ነበር፤ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ለመኪናው ማለፊያ ብሎ ዐለቱን እየፈለጠ መንገዱን በጥምዝምዝ ቀየሰው፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምትም የጦርነት እሳት በዚሁ መንገድ ወጥቶ ምን እንዳደረሰ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ንጉሡን፣ ጦሩንና ነጋዴውን ቈጥረው ጽፈውልናል። ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ፣ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከደጋ ወደ ቈላ በዚህ ገደል ሲወጣና ሲወርድ የኖረውን ሰው ግን የቈጠረው የለም። እኔ ዛሬ ስለዚያ ሰውና እርሱን ስለሚመስሉት ሁሉ፣ ይኸውም ስለ ባለ ቅኔው፣ ስለ ሠዓሊው፣ ስለ ደራሲው፣ ሙሾ ስለምታወርደው እናት ለመናገር መጥቻለሁ። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ሕዝብ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል በሚባልበት አገር ከያኒ የሚባለው ሰው ምን ዕዳ አለበት? እኛስ ለእርሱ ምን ዕዳ አለብን?

ነገሩን ከቃላቱ እንጀምር፤ አባቶቻችን የአንድን ነገር ምሥጢር መመርመር ሲፈልጉ አስቀድመው ግሱን ይጠይቁ ነበርና። ኪን በግእዝ ጥበብ ማለት ነው፤ ከያኒም ጥበበኛ። አዝማሪ የሚለው ስም ዘመረ ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው፤ በቅኔ ማኅሌት ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ የሚቆመው መዘምርም ከዚያው ግሥ ተወልዷል። እንግዲህ አንዱ በቤተ መቅደስ፣ ሌላው በዳስ ደጃፍ ይቁም እንጂ፣ ሁለቱ በስም የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

ዜጋ የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ታሪክ አለው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በተጻፉ የመሬት መዛግብት ውስጥ ዜጋ ማለት በጌታ መሬት ላይ የሚኖር፣ ለጌታው የሚያርስና የሚያገለግል ጥገኛ ሰው ማለት ነበር። ዛሬ ግን ይኸው ቃል የአገሩ ባለቤት የሆነውን፣ ሹሙን የመምረጥና የመጠየቅ መብት ያለውን ሰው ይጠራል። ቃሉ ከጥገኝነት ወደ ባለቤትነት ይህን ያህል መንገድ ተጕዟል፤ እኛ ራሳችን ከቃሉ ጋር ተጕዘናል ወይስ ስሙ ብቻ ተለውጦ ልባችን በጌታ ደጅ እንደ ተቀመጠ ቀርቷል? ይህን መርምሮ የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል፤ የከያኒ ሥራ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። ድምፅ የሚሰጥበት ሣጥን፣ የሕዝብ ተወካዮች የሚሰበሰቡበት ምክር ቤት፣ ጋዜጣም ባልነበረበት ዘመን፣ በዙፋን ላይ የተቀመጠው ሰው በመስክ ላይ ከብት የሚጠብቀው ልጅ የሚያንጐራጕረውን ለማወቅ መጨነቁ ትልቅ ምስክርነት ነው። ሹም ሊያስፈራራው የማይችል፣ ሹመት የማይፈልግ፣ የሰማውን በዜማ የሚያወጣ ልጅ የሚናገረው ነገር የአገሩ ሐሳብ መሆኑን ያውቁ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ጠያቂው ንጉሡ ብቻ ነበር፤ ሲፈልግ ይጠይቃል፣ ሲፈልግ ጆሮውን ይደፍናል፣ ሲከፋውም ይቀጣል። የሕዝብ አስተዳደር ከዚህ የሚለየው የእረኛው ቃል በንጉሡ በጎ ፈቃድ የሚሰማ መሆኑ ቀርቶ በመብት የሚነገር በመሆኑ ነው።

ከዚህም ይልቅ ለዛሬው ነገራችን የቀረበ፣ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ልማድ አለ። በሠርግ ዳስም ሆነ በጠላ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ ከተቀመጡት መካከል ግጥም የመጣለት ሰው ድንገት «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪውም ድምፁን ገታ አድርጎ ያደምጣል፤ ያ ሰው ስንኙን ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ቃሉን ተቀብሎ፣ ከማሲንቆው ጋር አስማምቶ፣ በቤቱ ላለው ሁሉ ያሰማዋል። ይህን ነገር ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየነው ተራ ነገር ይመስለናል። አስተውሉ ግን፤ ግጥም ሰጪው ባለ ርስት ይሁን ባለ ዕዳ፣ ደግሞም ሙሽራው ይሁን የሙሽራው እረኛ፣ አዝማሪው «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም። የጌታው ወቀሳ በሎሌው አፍ ተነግሮ በአዝማሪው ዜማ ወደ ጌታው ጆሮ ይደርሳል፤ ጌታውም በሕዝብ ፊት ተቀምጦ መስማት ግዴታው ነው። ምላሽ ቢኖረው እርሱም በተራው «ተቀበል!» ይላል። በአንድ ጣሪያ ሥር ተናጋሪና አድማጭ እየተፈራረቁ የሚከራከሩበት፣ ማንም ሳይገደል ሁሉም የሚነጋገርበት ይህ ሥርዓት፣ እኔ እንደማምነው፣ የሕዝብ አስተዳደርን ፍሬ ነገር ቃሉ ከባሕር ማዶ ሳይመጣልን በፊት በውስጡ ይዞ ኖሯል።

ስለዚህ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ሐሳብ ይህ ነው። ከያኒ በሕዝብ መካከል ያለው ትልቁ ማዕርግ ተናጋሪነቱ አይደለም፤ ተቀባይነቱ ነው። ሌላው ሰው ያልሰማውን ይሰማል፤ ከደካማውም ከኃይለኛውም እኩል ይቀበላል፤ የተቀበለውንም በጥበቡ አንጥሮ ለሁሉ ይመልሳል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚቀበል ቀን፣ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከያኒነቱ ጐድሏል፤ እርሱን የምናዳምጥ እኛም ዝም ልናሰኘው የተነሣን ቀን ዜግነታችን ጐድሏል።

ኃይለኞች ይህን የተቀባይነት ሥልጣን ሁልጊዜ ፈርተውታል። ብሩስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከዚህ በላይ ባለችው በጎንደር ከተማ የተፈጸመ አንድ ነገር ይገኛል። ራስ ሚካኤል ስሑል ከተማውን ለቅቀው በሄዱ ጊዜ ዘፋኞች የስላቅ ዘፈን ዘፍነውባቸው ነበር። በ1763 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ራስ ሚካኤል ከወጣቱ ንጉሥ ከዐፄ ተክለ ሃይማኖት ጋር በድል ሲመለሱ፣ እነዚያ ዘፋኞች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ሠላሳ የሚያህሉ ሆነው፣ እንደ ልማዳቸው እየዘፈኑ ሊቀበሏቸው ወጡ። ምልክት ተሰጠ፤ ፈረሰኞችም ከበው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሰይፍ ጨረሷቸው። ከመካከላቸው አንድ ወጣት ብቻ፣ ለሞት የሚያበቃ ቍስል ቈስሎ፣ ወደ ንጉሡ ፈረስ አቅራቢያ ደርሶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ወድቆ ሞተ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ልቤን የሚነካው የዚያ ወጣት ዝምታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ቃል እየተቀበለ ሲያሰማ የኖረ ሰው፣ የራሱ ነገር በደረሰ ጊዜ፣ የሚቀበለው አላገኘም። ከተማው ያን የስላቅ ዘፈን በሳቅ ሰምቶታል፤ ምናልባትም ስንኙን የሰጠው ከተማው ራሱ ነው፤ ሰይፉ ሲመዘዝ ግን ስንኙን የሰጡት ተሰውረው ተቀባዩ ብቻውን ቀረ። በደሉን በራስ ሚካኤል ላይ ብቻ ጭኖ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን በዚያ ሜዳ ዳር ቆሞ ሲመለከት የነበረውን ሕዝብ አስባለሁ፤ እኛ የዚያ ሕዝብ ልጆች ነንና።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከፋሺስት ወረራ ዘመን እናገኛለን። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጸመው እልቂት የታወቀ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግራዚያኒ በየአገሩ እየዞሩ በዜማ የሚተርኩትን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እየለቀመ ማስረሸኑ ግን በብዙ ሰው ዘንድ አይታወስም፤ አዝማሪዎችም በዚህ ቍጣ ተጠርገዋል። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የነበረው መንግሥት አንድ ጭራ የተወጠረበትን ማሲንቆ ለምን ፈራ? የተወረረ ሕዝብ ቃሉን የሚለዋወጥበት መንገድ አዝማሪው መሆኑን ስለ ተረዳ ነው። በሊማሊሞ ዐለት ላይ መንገድ መቀየስ ቻለ፤ ማሲንቆ ይዞ የሚሄደው ሰው በልቡናው የያዘውን መንገድ ግን ሊዘጋው የቻለው ሰውየውን በመግደል ብቻ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ያለውንም እንመልከት። ጎንደር የአራቱ ጉባኤያት አገር፣ የበአታ አቋቋም ምንጭ ናት። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ለመድረስ፣ እያንዳንዷን ቀን አዲስ ቅኔ መዝረፍ አለበት፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም፣ የሌላውንም የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ከዚያም ቅኔውን በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይናገራል፤ ይታረማል፤ ቢሳሳትም በአደባባይ ይነገረዋል። ይህ ጉባኤ ለከያኒ የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው፦ ትጋትን፣ ሐቀኝነትንና እርማት መቀበልን። ዓላማው ቅዱስ ስለ ሆነ ብቻ ቅኔው አያምርም፤ ቅኔ የሚያምረው በትምህርትና በድካም ነው። ስለ ፍትሕ የተዘፈነ መጥፎ ዘፈን ፍትሕን አይረዳም፤ እንዲያውም ፍትሕ የሚለውን ቃል በአድማጭ ጆሮ ያረክሰዋል።

ሰምና ወርቅ የሚባለውንም ጥበብ አንዳንድ ሰዎች የፈሪ መሸሸጊያ አድርገው ይቈጥሩታል። እኔ ግን ነቢዩ ናታንን አስባለሁ። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏንም ባስገደለ ጊዜ፣ ናታን ገብቶ «በድለሃል» በማለት አልጀመረም፤ ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድኃውን አንዲት ጠቦት ነጥቆ ለእንግዳው እንዳረደ አድርጎ ታሪክ ነገረው። ዳዊት ተቈጥቶ በዚያ ባለጠጋ ላይ ፈረደ፤ ፍርዱ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ነቢዩ ሰሙን አንሥቶ ወርቁን ያሳየው፤ ያ ሰው አንተ ነህ አለው። ከያኒው የኃይለኛውን ኅሊና ራሱ እንዲፈርድ አደረገው እንጂ ከውጭ ፍርድ አልጫነበትም። ነገር ግን ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው፤ ዳዊት ናታንን አላሳሰረውም፤ በድያለሁ አለ። ከያኒ ናታን እንዲሆን የሚፈልግ አገር፣ እንደ ዳዊት መስማት የሚችል ሹም ማሳደግ አለበት።

በአዲሱ ዘመን የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከባሕር ማዶ ትምህርታቸው ተመልሰው፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትር ደርሰው ባሳዩ ጊዜ፣ የእንስሳቱ ተረት የቤተ መንግሥቱን ነውር እንደሚያሳይ ስለ ታወቀ ታገደ። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፍ ሲያወጣ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ዘውዱ ሄዶ ደርግ መጣ፤ ሥርዓቱ ሲለወጥ ፍርሃቱ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ርስት ተላለፈ። እነዚህን መጻሕፍት በድብቅ እየተዋሰ ያነበበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር፤ «ደራሲው ወዴት ሄደ?» ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የጎንደሩ ሜዳ ዝምታ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ዳግመኛ ታየ።

ዛሬ በሕግ በኩል ያለን ነገር ከአባቶቻችን ይበልጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ሐሳቡን በቃል ወይም በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በሥነ ጥበብም መግለጽ እንደሚችል ደንግጓል፤ በአንቀጽ 41ም መንግሥት ኪነ ጥበብን የመደገፍ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተጻፈ ሕግ በሰው ልማድ ውስጥ ሥር ካልሰደደ፣ ክረምት ሳይገባ በድንጋይ ላይ እንደ ተዘራ ጤፍ ነው። ልማዱም የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ወይም ከምክር ቤት ሳይሆን ከየቤታችን ስለ ሆነ፣ አሁን ስለ ራሳችን በደል እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ልጅ ሆኜ በወገራ በአንድ ዘመዳችን ሠርግ ላይ ነበርሁ። አዝማሪው ከምሽት እስከ ንጋት ተጫወተ፤ ሙሽራውን አመሰገነ፣ ሽማግሌዎችን አሣቀ፣ የሞቱትን እያነሣ እናቶችን አስለቀሰ። ሲነጋ ሰው ሁሉ ወደ ማዕድ ሲቀርብ፣ ለእርሱ በደጅ፣ ከዳሱ ምሰሶ ውጭ፣ እንጀራ ተሰጠው። ሌሊቱን ሙሉ ድምፁ በዳሱ መካከል ነግሦ ያደረ ሰው፣ በነጋ ጊዜ አካሉ ከዳሱ ውጭ ቀረ። እኔም የልጅ ነገር ሆኖብኝ ተጠግቼ «ከትናንቱ ዘፈን የትኛው ነው ያንተ?» አልሁት። «የኔማ ማሲንቆው ነው ልጄ፤ ቃሉ የናንተ ነው» አለኝ። በዚያን ጊዜ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ምስክርነት ነበር፤ ቃላችንን እየወሰድን እርሱን በደጅ ማስቀመጣችንን ሳይቈጣ ነገረኝ።

ይህ የአንድ ቤት ነውር አይደለም። «አንተ አዝማሪ!» ማለት እስከ ዛሬ ስድብ ነው። ለአዝማሪ ልጅ የማይድር፣ ከአዝማሪ ቤት የማያገባ ብዙ ነው፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው እየተጋቡ፣ በጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ባለ መንደራቸው ተሰብስበው፣ ሌላው የማይሰማውን የራሳቸውን ልዩ ቋንቋ ፈጥረው ኖሩ። በአደባባይ የሁሉን ቃል የሚያሰማ ሕዝብ፣ የራሱን ቃል ለመነጋገር መሸሸጊያ ቋንቋ እስኪያስፈልገው ድረስ ማግለላችንን ልብ በሉ። ሙሾ የምታወርደው እናትስ? በለቅሶ ላይ ሟቹ እንዴት እንደ ኖረ፣ ማን እንደ ረዳው ማንስ እንደ ከዳው በግጥም ትናገራለች፤ ሌላው በሹክሹክታ እንኳ የማይደፍረውን እርስዋ በልቅሶ መካከል ትደፍረዋለች፤ ለቅሶው ሲያበቃ ግን ከአልቃሽነት በቀር ስም የላትም። ከያኒ ሙሉ ዜጋ ሆኖ ሳይቈጠር ለአገሩ የዜግነት ሥራ እንዲሠራልን መጠየቅ ግፍ ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ዘፋኝ ሚርያም ማኬባ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲቋቋም አዲስ አበባ መጥታ የነጻነት ዜማዋን ስታሰማ፣ የገዛ አገሯ መንግሥት እንዳትመለስ በሩን ዘግቶባት ነበር። መንግሥቷ በፓስፖርት ያደረገውን እኛ በምሰሶ አድርገነዋል።

ይህን ሁሉ ስናገር ከያኒን ከነቀፋ በላይ ማድረጌ አይደለም። ዜጋ ከሆነ ይጠየቃል። ሲሞን ቢኪንዲ የሚባል የሩዋንዳ ዝነኛ ዘፋኝ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. በአገሩ እልቂት በሆነ ጊዜ ዘፈኖቹ በጥላቻ ሬዲዮ ይሰሙ ነበር። በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2001 ዓ.ም. የ15 ዓመት እስራት ፈረደበት። የተፈረደበትም ስለ ዘፈኑ አይደለም፤ በመኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ በመንገድ እየሄደ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን እንዲገድሉ በመቀስቀሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ዘፈንን ከቅስቀሳ በጥንቃቄ መለየቱ ለእኛም ትምህርት ነው፤ መረን የለቀቀ ቅስቀሳ በሕግ ሲጠየቅ ዘፈን ግን በዘፈንነቱ ወንጀል አይሆንም። ሆኖም ሕግ የማይጠይቀውን ኅሊና ይጠይቃል። ጦርነት በዚህ በእኛ መንገድ ባለፈበት ጊዜ፣ ለሠርግ ጭፈራ የመጣ ሰው ስለ ጎረቤቱ ዘር የስድብ ስንኝ ሲሰጥ፣ በስልክም በቴሌቪዥንም ያ ስንኝ ሲባዛ አልሰማንምን? «ተቀበል!» ተብሎ የተሰጠውን ሁሉ መቀበል ግን ግዴታ አይደለም። ደኅና አዝማሪ መርዝ ሲሰጠው ማሲንቆውን ገታ አድርጎ ስንኙን ወደ ሌላ ይመልሰዋል፤ ይህን የሚያደርግ አዝማሪ በዳሱ ካሉት ሁሉ ይልቅ ደፋር ነው፤ ሽልማቱ እንደሚቀርበት ያውቃልና።

ከዚህ የተነሣ ሌላው ፈተና ብር ነው። በግንባር ላይ ብር የሚለጥፍ ሰው ከሌላው ይልቅ ይሰማል፤ ባለ ሥልጣን ሲሆን ደግሞ ብሩ በሹመትና በመሬት ይተካል። ከያኒ እንደማንኛውም ሠራተኛ የድካሙ ዋጋ ይገባዋል፤ ድኻ ሆኖ እንዲኖር የምንፈርድበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ዋጋ የተከፈለው ለዜማው ነው፤ ዝምታው ወይም ፍርዱ ተሸጦ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚያሰማን የተከራየውን ሰው ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ወገን መደገፍም ቢሆን መብቱ ነው፤ ዜጋ ነውና ይመርጣል፣ ይደግፋል፣ በቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ እንደ ሌላው እጁን ያነሣል። ጆሮውን ግን ለማንም ወገን መስጠት የለበትም፤ ጆሮው የሁላችን ነውና።

ሹማምንትስ ምን ይጠበቅባቸዋል? ከብዙ ዘመን በፊት፣ የሕዝብ አስተዳደር በተጀመረባት በአቴና ከተማ፣ አሪስቶፋኒስ የሚባል ባለ ቅኔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ዓመት «ፈረሰኞች» የሚባል ቴያትር አሳየ። በቴያትሩ የተዘበተበት ክሌዎን፣ በዚያን ጊዜ በከተማዋ ኃይለኛ የነበረ፣ ቀድሞም ባለ ቅኔውን የከሰሰ ሰው ነበር። ዳኞች ለባለ ቅኔው የመጀመሪያውን ሽልማት ሰጡት፤ ሕዝቡም ሳቀ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ያው ሕዝብ ክሌዎንን የጦር አዛዥ አድርጎ መረጠው። አቴና ሴቶችንና ባሮችን ከምርጫ ያገለለች ጐዶሎ ከተማ ነበረች፤ በዚህ ነገር ግን ታስተምረናለች። ባለ ቅኔው አልሞተም፣ ሹሙም በቀልድ ምክንያት አልወደቀም፤ ሕዝቡ ሁለቱንም ሰምቶ እንደ ወደደ ፈረደ። በስላቅ የሚፈርስ መንግሥት ከስላቁ በፊት የፈረሰ ነው፤ ስላቅን ችሎ የሚሰማ መንግሥት ግን ከብዙ አማካሪ የማያገኘውን ምክር በነጻ ያገኛል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ንግግር በሊማሊሞ ነፋስ ተወስዶ እንዳይቀር፣ በዚህ በድብ ባሕር ልንጀምረው የምንችለውን ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። መምህራን ሆይ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን በር ለአካባቢው አዝማሪ፣ ለቅኔ መምህሩ፣ ሙሾ ለምታውቀው እናት ክፈቱላቸው፤ በወንበር ይቀመጡ፣ መምህር ተብለው ይጠሩ። ተማሪዎች ሆይ፣ በየሠርጉና በየለቅሶው የምትሰሙትን ግጥም በደብተራችሁ ጻፉ፤ የሰጪውን ስም ቢፈቅድ፣ ቦታውንና ዘመኑን አብራችሁ ጻፉ፤ አያቶቻችሁ ሲያልፉ አብሮ የሚቀበር ሀብት ነውና። የቀበሌና የወረዳ ሹሞች ሆይ፣ በዓመት አንድ ቀን ወጣቱ ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ እናንተም ግጥም የሚያሰማበትን መድረክ አዘጋጁ፤ ከፊት ተቀመጡ፤ ስም ሳትመዘግቡ ስሙ፤ መልስ ካላችሁ እናንተም በተራችሁ ተናገሩ። ካህናት አባቶች ሆይ፣ መዘምርና አዝማሪ የአንድ ግሥ ልጆች መሆናቸውን ለምእመናን አስተምሩ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መስከረም ጠብቶ፣ ክረምቱ አልፎ፣ ዘንድሮም በየቤቱ ዳስ ይጣላል፤ ያም መንገደኛ ማሲንቆውን አንግቶ በገደሉ ይመጣል። ሲመጣ ከምሰሶው ወዲህ፣ ከእናንተ ጋር በመደብ አስቀምጡት፤ ውኃ ለእጁ አስመጡለት፤ ከአንድ መሶብ አብራችሁት ብሉ። ከዚያም ስንኝ መጥቶላችሁ «ተቀበል!» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ ቃሉ የእናንተ መሆኑን አስቡ። ጎረቤታችሁ በሌለበት የምትሰጡትን ስንኝ እርሱ በዳሱ ተቀምጦ ቢሆን ትሰጡት እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፤ እውነት ሆኖ ካገኛችሁት ግን፣ ሹም ተቀምጦም ቢሆን አትፍሩ፣ ስጡት። በማግሥቱም ስለዚያ ስንኝ «ማን አለው?» የሚል ሰው ቢመጣ፣ አዝማሪውን ብቻውን በሜዳ አታቁሙት፤ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» በሉ።